ከብቶቹን ሳይጠይቅ ያለፈው ሰላምታ

ለምወድህ ለታዴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ጀመርኩና መልሼ ሰረዝኩት። ጤና የሚጠየቀው እዚህ ለቀረነው ነው። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል፤ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ሰው «ተጽናናሽ ወይ?» ሲለኝ «ተመስገን» እላለሁ። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ስቆጣ ውዬ ማታ ደግሞ ካንተ ጋር ካልተጨቃጨቅኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ፤ አሁን የምጨቃጨቀው ሰው አጥቼ አፌ ሊዝግ ነው። ለዚህ ነው ልጻፍለት ያልኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ሞያሌ ያለችው ልጃችን ሕይወት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስሙን ታደሰ ልትለው ፈልጋ የከለከልኳት እኔ ነኝ፤ አንድ ታደሰ ይበቃናል፣ ልጁ የራሱን ስም ይዞ ይደግ ብያለሁ። ሲያለቅስ ግን ትንፋሹ እንዴት እንደሚረዝም! ብትሰማው ዕድሜውን ሳትጠይቅ ለኳስ ልምምድ ትጠራው ነበር። የጓሮው ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሟል። የኳስ ሜዳው ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ አጥሩ ፍየሉን አስቀርቷል፣ ግመልን ግን አልቻለም። ባለፈው አንዷ አንገቷን በቆርቆሮው ላይ አሳልፋ ቆማ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየች። ከአንዳንዱ ተመልካች የእሷ ጨዋነት ይሻላል፣ ዳኛ አልተሳደበችም።

ስለ አንተ በነገሌ ከተማ የሚወራው ግማሹ ተረት ሆኗል። አንዱ ተጫዋቾቹን ዳዋ ወንዝ ድረስ በእግር ያስሮጥ ነበር ይላል። ሌላው ፊሽካውን ሲነፋ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር ይላል። የሚያወሩት ወደውህ ነውና አልከራከራቸውም። እኔ ያየሁት ግን ከተረታቸው ይበልጥብኛል። ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከውን አንድ ጨዋታ በገዛ እጅህ ለሌላ ሰው አሳልፈህ ስትሰጥ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። አንተው ያደረግከውን መልሼ ላንተው መንገሬ ያስቃል፤ ነገር ግን በእኔ ዓይን እንዴት እንደታየ ነግሬህ አላውቅም።

እስቲ የቡድን ልጆችህን አስብ። አንዱ የአይሱዙ ረዳት ነበር፣ አንዱ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ለብሶ የሚውል፣ አንዱ የአጎቱን ሱቅ የሚጠብቅ። ተከላካዩ ጋልገሎ ከአባቱ ጋር ከብት ገበያ ይውላል። ለአንዳቸውም ደመወዝ የለም። ማልያው ራሱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ ቁጥሩ በላዩ ላይ ያልቅ ነበር። አንተ ግን የምትጠይቃቸው መንግሥት ቀለብ ሰፍሮላቸው እንደሚያኖራቸው ወታደሮች ነው። የአንተ ተጫዋች መሆን ገዳም ከመግባት አይተናነስም ነበር። ጫት የለም። ከጨዋታ በፊት ጥሬ ሥጋ የለም። ሠርግ ቢኖርም ከመሸ መጨፈር የለም። የገዛ ወንድሙ ሚዜ የሆነውን አጥቂህን፣ ነገ ጨዋታ አለው ብለህ ከዳሱ መሀል በክንዱ ይዘህ ስታወጣው ሙሽራዋ ቆማ አየችህ። የልጁ እናት እኔን ገበያ ላይ አግኝታ «ባልሽን አንድ በይልን» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔንም አንድ የሚልልኝ ሰው እየፈለግኩ ነበር።

ደግሞ ያ የቀትር ሩጫህ! ሌላው ሰው ጥላ ፈልጎ ሲጋደም አንተ ልጆቹን ከከተማው ውጪ ወደዚያ ትልቅ ኩይሳ ትነዳቸው ነበር። እኔ ለፀሐዩ ስቆጣ፣ ጨዋታ በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ደግሞ እንግዳና ባለቤት አትለይም ትለኛለህ። ቀይ አቧራ ለብሰው ሲመለሱ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ውሃውንም በአንዴ እንዲጠጡት አትፈቅድም፤ እየተጎነጩ፣ እየቆዩ። ልጆቹን ጨርሰህ ገደልክ ስልህ፣ አንድም ቀን አልተቆጣህም። እኔን ቆመህ ትሰማኝና በነጋታው ያንኑ ታደርጋለህ። ይኼ ነበር ከሁሉ የሚያናድደኝ።

ከእግራቸው ይልቅ የምትጨክነው ግን በልባቸው ላይ ነው። ተጠልፎ የወደቀ ልጅ ፊቱን ሳያጠቁር መነሳት አለበት። ዳኛ ላይ እጁን ያነሳ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም፣ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን። «የተናደደ ሰው ሁለት ኳስ ነው የሚያየው፣ የሚመታው ደግሞ የሌለውን ነው» ትላቸው ነበር። ሲሰሙህ ይስቃሉ፤ ሜዳ ውስጥ ግን እንዳይደርስባቸው ይፈሩታል።

ሰላምታውስ? ሌላ ቦታ ብነግር የሚያምነኝ የለም። ይህ ነገር የመጣልህ ከሥራህ ነው። የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ሆነህ በቦረና ገጠር ስትዞር፣ ሰላምታ ሳያልቅ ከብት እንደማይቀርብልህ ቀድመህ ተማርክ። እኔ የክብረ መንግሥት ልጅ ነኝና የሰላምታው ነገር አዲስ አልሆነብኝም፤ የቦረናው ግን እርጋታው ሌላ ነው። ናጋ? ይልሃል። ናጋ ትላለህ። ዋሪ ናጋ? ቤተሰቡ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው፤ ናጋ። ጆሌን ናጋ? ልጆቹስ፤ ናጋ። ሎን ናጋ? ከብቶቹስ፤ ናጋ። ከዚያ ወደ ሣሩ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ዝናቡ ይዘልቃል። ቤት ውስጥ ሐዘን ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ናጋ ይባላል፤ ክፉው ወሬ ተራውን ይጠብቃል።

አንድ ቀን አቀበት ወጥተህ ከአንድ የቦረና ሽማግሌ ጋር ተገናኛችሁ። እሳቸውም ከውሃ ጉድጓድ አህያ እየነዱ ያንኑ አቀበት ወጥተዋል። ሰላምታው ሲጀመር እሳቸው ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ሰው ቀስ ብለው ይጠይቃሉ፤ አንተ ከብቶቹ ላይ ስትደርስ ትንፋሽህ ተቆርጦ ጉልበትህን ይዘህ ቆምክ። ሽማግሌው ሳይስቁ ጠበቁኝ ብለህ ስትነግረኝ፣ ያፈርክ መስሎኝ ውሃ ላቀርብልህ ተነሳሁ። ለካ አንተ መለኪያ አግኝተህ ደስታው ቤት አላስቀምጥ ብሎሃል!

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ከኩይሳው ሮጠው ሲመለሱ አንድ በአንድ ፊትህ ይቆማሉ። አንተ ሳትቸኩል ትጠይቃለህ፣ እነሱ ይመልሳሉ። እስከ ዝናቡ ድረስ ትንፋሹ ሳይቆረጥ የመለሰ ይሰለፋል። ከብቶቹ ላይ የተቆረጠበት ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልጆቹ ላይ የተቆረጠበት ደግሞ እንደገና ወደ ኩይሳው። አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው ሁሉ ይህን ሰላምታ ከውዳሴ ማርያምና ከፋቲሃ እኩል በቃሉ አጠናው። ትንፋሹ ሞልቶ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ካለም አይቀርልህም። አፉ ናጋ እያለ ዓይኑ የሚዋጋ ሰው ገና አልደረሰም ትላለህ። እነሱ ደግሞ በተራቸው አንተን ይጠይቁሃል፣ ከብቶችህ ሰላም ናቸው ወይ ብለው። በሕይወትህ አንዲት ጥጃ ኖሮህ አያውቅም። እቤታችን ጭራ ያለው ነገር ድመታችን ብቻ ነበረች። አንተ ግን ኮስተር ብለህ «ናጋ» ስትል፣ ሰው ሺህ ከብት ያለህ ይመስለዋል።

እኔ መጀመሪያ ቀልድ አድርጌው ነበር። ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ አንድ የተጋጣሚ ቡድን ልጅ ጋልገሎን በክርን ከንፈሩን ብሎት ደሙ በአገጩ የወረደ ዕለት። ወንድሞቹ ከዳር ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ጨዋታው ሲያልቅ ጋልገሎ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ልጅ ሲሄድ፣ ዛሬ አለቀልን ብዬ ነጠላዬን ጠበቅ አደረግኩ። ልጁ ፊት ቆመና ናጋ ብሎ ጀመረ። ቤተሰቡን ጠየቀው፣ ልጆቹን ጠየቀው፣ ከብቶቹን ጠየቀው። ያ ልጅ ሲመልስ ሲመልስ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ የጋልገሎን ከንፈር በማልያው ጫፍ ጠረገለት። የጋልገሎ ወንድሞች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። አንተ ከመስመሩ ዳር ቆመህ ያን ሁሉ ስታይ ፊትህ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ቀን ባሌን ፈራሁት። ደግ ፍርሃት ነው፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደሚይዘው ዓይነት።

እንግዲህ ያ ዓመት መጣ። ቡድናችን ከዞን አልፎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረ። ካሸነፍን ለክልል ውድድር እናልፋለን። ጨዋታው ነገሌ ላይ፣ ተጋጣሚው ደግሞ ክብረ መንግሥት፣ የእኔ የትውልድ አገር! አባቴ ወርቁ ቢያልቅበት ልጁን አልማዝ አላት እያልክ የምትቀልድበት የወርቅ አገር። ወንድሞቼ ስልክ እየደወሉ፣ ለማን ነው የምትጮኺው ብለው ያፋጥጡኝ ጀመር። ለዳኛው እላቸዋለሁ። አንተ በበኩልህ ወጡን ቀምሰህ ጨው የበዛ እንደሆነ፣ ክብረ መንግሥቶች ልከውሽ ነው ትለኛለህ። ደስ የሚል ሰሞን ነበር።

ትንፋሽህ እየከዳህ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጫማህን ለማሰር ስትጎነበስ አረፍ ትላለህ። ሌሊት ሁለት ትራስ፣ ከዚያ ሦስት ትራስ። ሐኪም ቤት ጎትቼ ወሰድኩህ፤ ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ሰፍቷል አለን። መድኃኒት ጻፈልህና ሩጫ፣ ጩኸት፣ ፀሐይ ሁሉ ይቅርብህ አለ። አንተ ስንት ቀን ይፈቀድልኛል ብለህ ጠየቅከው፣ እንደ ፈቃድ ወረቀት። ሐኪሙ መልሱን ለእኔ በዓይኑ ነገረኝ፣ ላንተ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ስንወጣ ለልጆቹ እንዳትነግሪ አልከኝ፤ አልተናገርኩም። ምን ዋጋ አለው፣ ልጆቹማ ቀድመው ሰምተውታል። ከአንተ ጋር ሰላምታውን ሲለዋወጡ የአንተ ትንፋሽ ከእነሱ ቀድሞ ማለቅ ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከልምምድ ያለወትሮህ በጊዜ ተመለስክ። ፊሽካው አንገትህ ላይ የለም፣ ኪስህ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥክና «ጋልገሎ ዛሬ ከብቶቼን ሳይጠይቅ አለፈኝ» አልከኝ። እኔ ሳቅኩ። የትኞቹን ከብቶች ነው የሚጠይቅህ ልልህ አፌን ስከፍት ፊትህን አየሁና ከጎንህ ቁጭ አልኩ።

ልጁ ወዶህ ነው። ናጋ ብሎ ሲጀምር መልስህ እንደከበደህ አየ። ቤተሰብህን ጠየቀ፣ ልጆችህን ጠየቀ፣ ከዚያ እንዳትቸገር ብሎ ከብቶቹን ዘሎ ቶሎ አሳጠረልህ። በቦረና ሰላምታ የሚያጥረው ለማን እንደሆነ አንተም እሱም ታውቃላችሁ። ለትልቅ ሰው አያጥርም። የሚያጥረው ለተጣሉት ሰው ነው፣ አለዚያም ለሚሞት ሰው። ጋልገሎ በዚህ የሚሳሳት ልጅ አልነበረም፣ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ካንተ የተማረው ርኅራኄ በልጦበት አሳሳተው። እሱ ከሜዳው ሳይወጣ ማልቀስ ጀምሮ ነበር አሉ። አንተ ግን አላለቀስክም። ልጁ ልክ ነው አልከኝ፣ መለኪያው ሠርቷል።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። አሰልጣኙ ለጨዋታው አልሰለፍም አለ ተባለ። ሽማግሌዎች መጡ፣ በእኛ ሳሎን ቄሱና ሼኩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሚሉት ደግሞ እውነት ነበር። ወንበር አምጥተን መስመሩ ዳር እናስቀምጥህ፣ አትሩጥ፣ አትጩህ፣ ፊትህን ብቻ ይዩት፤ ሃያ ዓመት የለፋህበት ነው፤ ማን ይለካሃል? እኔም ከጓዳ ቆሜ እሺ በል፣ እሺ በል እል ነበር፣ አንተ ባትሰማኝም። ጨዋታው እንደሚገድልህ አውቃለሁ፤ ያለ ጨዋታውም ስትሞት ይታየኛል። ልጆቹ በደከመ አሰልጣኝ ቢመሩ ምን ይሆናሉ የሚለው ትዝ አላለኝም፤ አንተን ብቻ ነው የማየው። አንተ ሁሉንም እስኪጨርሱ ሰማህና «እኔ ከብቶቹ ላይ የተቆረጠበትን ልጅ አባቱ እያለቀሰ ለምኖኝ አላሰለፍኩትም። አሁን ራሴን ካሰለፍኩ ለዚያ አባት ምን እለዋለሁ?» አልካቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሼኩ ደግሞ ዱዓ አድርገውልህ ተነሱ።

እንዲህ ብለህ ብትተወው ኖሮ ያው በቃል የተነገረ ነገር ይሆን ነበር። አንተ ግን በማግስቱ ልጆቹን ሁሉ ሰበሰብክ። እኔ አትምጪ ብትለኝም መጥቼ ከሜዳው ዳር ካለው ግራር አጠገብ ቆሜያለሁ። ሩጫ ስለማትችል ሜዳውን አንድ ዙር በእግርህ ዞርክ። ረዳትህ ሰለሞን ሊከተልህ ሲል በእጅህ ከለከልከው። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆምክ፣ ደግሞ ቀጠልክ። ያ ሁሉ ጎረምሳ እየዞረ ያይሃል። መጨረሻ ላይ ጋልገሎ ፊት ቆምክና፣ ዛሬ ምንም እንዳትዘልብኝ፣ ሙሉውን ጠይቀኝ አልከው።

ልጁ ጀመረ። ናጋ? አለህ። ናጋ አልክ። ዋሪ ናጋ? ናጋ። ጆሌን ናጋ? ናጋ፣ ይኼኛው በጭንቅ ወጣ። ጋልገሎ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ ድምፁ ግን እንዳስተማርከው አልተንቀጠቀጠም። ሎን ናጋ? አለህ። አፍህን ከፈትክ። መልሱ አልመጣም። ጉልበትህን ይዘህ ጎነበስክ፣ ያም ሁሉ ልጅ እንደዚያ ሽማግሌ ሳይስቅ ጠበቀህ። ቀና ስትል ፈገግ ብለሃል። ፊሽካውን ከኪስህ አውጥተህ በሰለሞን አንገት አጠለቅክለት፣ ክሩንም አስተካከልክለት፣ የልጃችንን የሕይወትን ዩኒፎርም ኮሌታ ታስተካክለው እንደነበረው።

እኔ የግራሩን ግንድ ይዤ ቆሜ ነበር። ካንተ ጋር ስንት ዓመት ስኖር፣ ይህ ሰው በልጆቹ ላይ ለምን እንዲህ ይጨክናል የምለው ጥያቄ ነበረኝ። በዚያች ደቂቃ ጥያቄው ከውስጤ ወጣ። ለራስህ ካዘጋጀኸው ያነሰውን ነበር ለካ የምትጠይቃቸው። ሰው እንዲህ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር፣ ታዴ። በመጽሐፍ ያነበብኩት ቅዱስ ሁሉ ሩቅ ነው፤ አንተ ግን ካልሲህን እኔ የማጥብልህ ሰው ነህ።

የጨዋታው ዕለት ከተማው ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ወንድሞቼ በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ መጡ። እኔና አንተ ከግራሩ ሥር ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ተመልካች መሆን አታውቅበትም ነበር። እጅህን የት እንደምታደርገው ጠፍቶህ ጉልበትህ ላይ ትጥላለህ፣ መልሰህ ታነሳለህ። ለውዝ ገዛሁልህ፣ ያዝከው እንጂ አልበላኸውም። በመጨረሻ እጅህን ወስጄ ከነጠላዬ ሥር ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ከእረፍት በፊት አንድ ጎል ገባብን። ሕዝቡ ሁሉ ከሜዳው ይልቅ ወደ አንተ ዞረ። ሰለሞንም ዞረ። ከዚያ ከመስመሩ ዳር ሆኖ ምን ላድርግ የሚል ዓይን ነው ያሳየህ፣ ድንጋይ የሚያባባ ዓይን። አንዲት ምልክት ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ጣት ብታነሳ ይበቃው ነበር። አንተ ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ፤ ክንድህ ሲገተር በእጄ ይታወቀኛል። ግን ቀና ብለህ ግራሩን ማየት ጀመርክ። እሱ እስኪዞር፣ የራሱን ሐሳብ እስኪያስብ ድረስ ቅርንጫፉን አየህ። ከሁሉ የከበደህ ይኼ ይመስለኛል። ፊሽካውን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከሰጡ በኋላ እጅን መሰብሰብ ሌላ ነው።

ሰለሞን አንተ የማትነካውን አጥቂ አስወጣ። ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማሁህ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተጫወቱ፣ ጌታዬ! በዚያ ፀሐይ ክብረ መንግሥቶች ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ የአንተዎቹ ገና እንደተነሱ ነበሩ። ኳሷ ሁለት ጊዜ ብረቱን መታች። አንዷ መስመሩ ላይ ቆመች። አልገባችም እንጂ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። የትውልድ አገሬ አሸነፈች፣ ወንድሞቼ ተቃቅፈው ይዘላሉ፣ እኔ ደግሞ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ነገሌ ከገባሁ ስንት ዓመቴ ነው፣ የነገሌ ሰው የሆንኩት ግን በዚያች ከሰዓት ነው።

ከኋላችን አንዱ፣ አሰልጣኙ ወርዶ ቢሆን ይህ አይደርስብንም ነበር አለ። ሰምተሃል። አልዞርክም። ልጆቹ ሜዳው ላይ አንድ በአንድ ለክብረ መንግሥት ልጆች ሰላምታ ሲሰጡ፣ አንዱም ሳይዘል፣ አንዱም ዓይኑን ሳይሰብር፣ ያንን ነበር የምታየው። ከዚያ ተነስተህ ወደ ወንድሞቼ ሄድክ። ሰላምታውን ሙሉውን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አደረስከው፤ ትንፋሽህ እየተቆረጠ፣ እየቆምክ፣ እየቀጠልክ። ዘፈናቸውን አቁመው ጠበቁህ። ታላቅ ወንድሜ በኋላ በስልክ፣ ያን ቀን ያሸነፍን አልመሰለኝም አለኝ።

በባጃጅ ስንመለስ ቅር ብሎህ እንደሆነ ጠየቅኩህ። ሰለሞን ያንን አጥቂ ማውጣቱ ትክክል ነበር፣ እኔ ብሆን አላወጣውም ነበር አልከኝ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ታውቃቸዋለህ። ልጆቹ እየመጡ አልጋህ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሰላምታው አንዳንዴ ሻይ እስኪበርድ ይወስድ ነበር፣ ማንም ግን ምንም አልዘለለብህም። የቀብርህን ነገር አልጽፍልህም። አንተን የተሸከሙት ትከሻዎች አንተው ያጠነከርካቸው ናቸው፣ አንዴም ሳያሳርፉህ ቤተ ክርስቲያን አደረሱህ።

ቡድኑ አሁንም አላለፈም። ሰለሞን ፀጉሩ እየሸበተ ነው፤ ከኩይሳው መልስ ሰላምታውን አልተወም። ከተማው በስምህ ዋንጫ ሊያዘጋጅ ነው ይላሉ። ያዘጋጅ። እነሱ የሚያስታውሱት አሰልጣኝ አላቸው፣ ፊሽካና ቀትር ፀሐይ ያለው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ኳስ ሜዳ ስመጣ የማየው ጀርባህን ነበር። ከመስመሩ ዳር ቆመህ፣ ወደ እነሱ ዞረህ። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ከጎኔ ተቀምጠህ ያየኸው፤ ያንንም ያገኘሁት አንተ ራስህን ስላላሰለፍክ ነው። ከተማው ያጣውን እኔ አተረፍኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ሲያዝኑ ስለማይ አፍራለሁ።

ጨዋታ ባለ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ታዴዬ። ከግራሩ ሥር፣ ያው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ሜዳው ሲሞላ ቦታ ፈላጊ ይበዛል፣ ከጎኔ ያለውን እያየ «እትዬ፣ ሰው አለው?» ይለኛል። እግሬ እስካደረሰኝ ድረስ የምመልሰው አንድ ነው።

አዎ፣ ሰው አለው።

አልማዝህ